ሁለት የስንዴ ፍሬ የምታክል ፒን

ሁለት የስንዴ ፍሬዎች ጫፍ ለጫፍ ቢቀጠሉ ቁመታቸውም ውፍረታቸውም ከዚህች ፒን ጋር ይቀራረባል። ውፍረቷ 3 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቷ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሞተሩን ጉልበት ተቀብላ ለጎማ የምታደርሰው እሷ ናት። ክብደቱ 3 ኪሎ ግራም አካባቢ በሆነና በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ በሚከንፍ የሪሞት መኪና ውስጥ የሷን ያህል የሚደበደብ ዕቃ ጥቂት ነው። ስታልቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚጣለው የተሸከማት ዘንግ በሙሉ ነው፤ ይህ ደግሞ ብክነት ነው። ከጋራዥ ጥግ በተለቀሙ ቁርጥራጮች የራሳቸውን መሣሪያ ሠርተው ፒኗን ብቻ የሚቀይሩት ሰዎች ትክክል ናቸው። አምራቾቹም ሊያግዟቸው ይገባል።

ነገሩን ለመረዳት መኪናውን ገልብጦ ማየት ይበቃል። ከዲፈረንሻሉ ወደ እያንዳንዱ ጎማ አንዳንድ ቀጭን ዘንግ ይሄዳል። ሁለቱም ጫፎቹ እንደ ኳስ የደበለበሉ ስለሆኑ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አድናቂዎች «የውሻ አጥንት» ይሉታል። በእያንዳንዱ ኳስ ውስጥ አንድ ፒን በአግድም ተሰክታ፣ ግራና ቀኝ ብቅ ያሉት ጫፎቿ በአንድ ትንሽ ኩባያ ስንጥቅ ውስጥ ይገባሉ። ኩባያው ሲዞር ፒኗን ይገፋል፤ ፒኗ ዘንጉን ታዞራለች። መካኒኮቻችን ክሮቼራ የሚሉት የመኪና መጋጠሚያ የሚሠራውም በዚሁ ሕግ ነው፤ ይህኛው ታናሽ ወንድሙ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ጎማው ጉብታ ላይ ወጥቶ በወረደ ቁጥር ዘንጉ ያዘነብላል። ያዘነበለ ዘንግ ሲዞር ደግሞ ፒኗ በእያንዳንዱ ዙር ስንጥቁ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ትፋተጋለች። ባጊ የሚባለው፣ የእውነተኛ መኪና 1/8 መጠን ያለው የሪሞት መኪና በነዳጅ የሚሠራ ሞተሩ በደቂቃ ከ30,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ የባጊ የዓለም ሻምፒዮና የፍጻሜ ውድድርም 1 ሰዓት ሙሉ ይፈጃል። አቧራና አሸዋ ሲጨመርበት ክቧ ፒን በአንድ ጎኗ ጠፍጣፋ ትሆናለች። ጣት ሲያልፍባት በተበላችበት ዳር የቆመ ስለታም ከንፈር ጥፍርን ይይዛል። በዚህ ጊዜ ችላ ከተባለች ኩባያውን መቦርቦር ትጀምራለች። ኩባያው የዲፈረንሻሉ አካል ነው፤ እሱን መቀየር ዲፈረንሻሉን መፍታት ይጠይቃል።

ከመቀየር በፊት የምትሞከር አንዲት ዘዴ አለች፤ ብዙዎች ግን ይስቷታል። መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ወደፊት ስለሚሄድ የሚበላው የፒኗ አንድ ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ የግራውን ዘንግ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ማዛወር ያልተነካውን ፊት ለሥራ ያቀርበዋል። በዲፈረንሻሉ በኩል የነበረው ጫፍ ግን እዚያው በዲፈረንሻሉ በኩል መቆየት አለበት። ዘንጉን እዚያው ጎን ላይ ጫፍና ጫፉን ማገለባበጥ ፋይዳ የለውም፤ የተበላው ፊት ተመልሶ ያንኑ ጭነት ይሸከማል። ይህን በእጅ ይዞ እያዞረ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሁለቱም ፊቶች ካለቁ በኋላ ግን መቀየር ግድ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት መዶሻ ነው። ፒኗ በጭንቅ እንድትገባ ተደርጋ የተሰካች ናት፤ ምት ሲያርፍባት ወይ ትሰነጠቃለች ወይ ወደ ጎን ትሄዳለች፤ ዘንጉም ይጎብጣል። የኳሷ ቀዳዳ አፍ አንዴ ከሰፋ ምንም ዓይነት አዲስ ፒን አይጸናባትም። የሚያስፈልገው ቀስ ያለ፣ ቀጥ ያለ ግፊት ነው። ለዚህ ደግሞ ከሞርሳ የተሻለ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

በቤት የሚሠራው መሣሪያ አራት ነገር ይፈልጋል፤ ሞርሳ፣ ሁለት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ዳዶ፣ አንድ ወፈር ያለ ሮንዴላ፣ የተሰበረ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር የትራፓኖ ፑንታ። ዳዶዎቹ ተደራርበው በአንዱ የሞርሳ መንጋጋ ላይ ይቀመጣሉ፤ ኳሷ የላይኛው ዳዶ ቀዳዳ አፍ ላይ ጎድጎድ ብላ ታርፋለች፤ የፒኗ አንዱ ጫፍ ወደ ቀዳዳው ይገባል። ሌላው መንጋጋ ባዶውን መጥቶ የፒኗን ሌላ ጫፍ ከኳሷ ገጽ እኩል እስኪሆን ድረስ ይገፋዋል። የፑንታው ጭራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ፑንታውን ፒኗ ጫፍ ላይ ደግፎ መግፋት የሚሞክር ሰው ሁለት ቀጫጭን ብረቶችን በአየር ላይ ጫፍ ለጫፍ እያጋጠመ ነው፤ አንዱ መንሸራተቱ አይቀርም። ፒኗ አንዴ ወደ ኳሷ ውስጥ ከገባች ግን ቀዳዳው ራሱ ፑንታውን ቀጥ አድርጎ ይመራዋል። አሮጌዋ ፒን ዳዶው ውስጥ ጠብ ስትል ድምፅዋ ይሰማል።

ፒኗ ከመገፋቷ በፊት ግን ያ ስለታም ከንፈር መነሳት አለበት፤ አለበለዚያ ሲያልፍ ቀዳዳውን ይጭረዋል። ተራ ሞረድ ይንሸራተትባታል እንጂ አይበላትም፤ ፒኗ የሞረዱን ያህል የጠነከረች ናት። የመሳያ ድንጋይ ወይም የአልማዝ ሞረድ ያስፈልጋል። የጠነከረ ብረት ሲሰነጠቅ እንደ ጥይት ስለሚፈናጠር የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ ሞርሳውን ማጥበቅ አይገባም።

አዲሷ ፒን ስትገባ ጥያቄው መሐል ላይ ማቆሟ ነው። ሮንዴላው የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። ውፍረቱ ፒኗ ብቅ እንድትልበት ከሚፈለገው ልክ ጋር ተመጥኖ ከኳሷ ሥር ሲቀመጥ፣ ፒኗ ወጥታ መንጋጋውን ስትነካ ትቆማለች። ሁለቱም ጎኖች እኩል ይሆናሉ።

ሌሎች ደግሞ የብስክሌት ካቴና መፍቻን ይለውጣሉ። ሐሳቡ ያማልላል፤ መፍቻው ራሱ ፒን የሚገፋ ብሎን ነው። ይሁንና የካቴና ፒን ውፍረት 3.6 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ የመፍቻው ጫፍ ለ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይወፍራል፤ ተስሎ መቅጠን አለበት። ካቴናውን የሚይዙት ጥርሶችም ለኳሷ ይጠባሉ። ልፋቱ ብዙ ነው፤ ሞርሳ ያለው ሰው ሞርሳውን ቢጠቀም ይሻለዋል።

እንቢ ያለች ፒን አንዳንዴ በብረት ማጣበቂያ የተያዘች ናት። ሎክታይት ከተባለው ማጣበቂያ ጠንካራው ዓይነት የሚለሰልሰው ወደ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነው። አደጋውም እዚያው አጠገብ ነው። የተወለወለ ብረት በ220 ዲግሪ አካባቢ የገለባ ቀለም ይይዛል፤ ወደ 300 ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል፤ ያኔ ጥንካሬው መላላት ጀምሯል። ስለዚህ ሙቅ አየር የሚነፋበት ሰው ዓይኑ ከቀለሙ መነሳት የለበትም፤ ሰማያዊው ሳይመጣ ማቆም ነው።

አዲሷ ፒንስ ከየት ትመጣለች? የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። 3 በ13.8 ሚሊ ሜትር የሚባለው ልክ ለመጫወቻ መኪና ተብሎ የተፈለሰፈ አይደለም። በኩሽኔታ አምራቾች ካታሎግ ውስጥ ያለ የመርፌ ሮለር መደበኛ መጠን ነው። ክሮቼራ የፈታ ሰው የመርፌ ሮለሮችን ያውቃቸዋል፤ በየኩባያው ውስጥ ዙሪያውን የተደረደሩት እነዚያ ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። ልኩን የሚያውቅ ሰው ከኩሽኔታ ሻጭ ይገዛታል፤ የማያውቅ ግን ዘንጉን በሙሉ ከማዘዝ ሌላ መንገድ የለውም።

ዘንግ ውድ አይደለም፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚሉ አሉ። ቀዳዳው ለሰፋ ወይም ለጎበጠ ዘንግ እውነታቸውን ነው፤ እሱን መጣል ነው። ደህናውን ዘንግ በአንዲት ፒን ምክንያት መጣል ግን ሌላ ነገር ነው። በስሎቫኪያዋ ትሬንቺን ከተማ የሚገኘው ሁዲ የተባለው አምራች የፒን ማውጫ መሣሪያም መለዋወጫ ፒንም ለየብቻ ይሸጣል። ስለዚህ ነገሩ የሚቻል መሆኑ ታይቷል። የቤት መሣሪያ የሚሠሩት ሰዎች ከፋብሪካው መሣሪያ ጋር ፉክክር የላቸውም፤ ለእሑድ ውድድር ቅዳሜ ማታ ሲዘጋጁ በእጃቸው ያለው ሞርሳና ዳዶ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው የጥገና መብት መመሪያ የልብስ ማጠቢያን፣ ማቀዝቀዣንና ስልክን ሲዘረዝር እነዚህ መኪኖች አልገቡበትም። ሕግ እስኪመጣ መጠበቅም አያስፈልግም። ታሚያ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ1976 የመጀመሪያውን የሪሞት መኪና፣ 1/12 መጠን ያለውን ፖርሼ 934፣ ሲያወጣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው ነበር። ዛሬም የኩባንያው የመገጣጠሚያ መመሪያዎች ብሎኖችን በትክክለኛ መጠናቸው ይስሏቸዋል፤ አጠገባቸውም 3×10 እየተባለ ልካቸው ይጻፋል። ተሰክታ የምትመጣዋ የዘንግ ፒንም እንዲሁ ልትታይ ይገባል። በየትኛውም አምራች ወረቀት ላይ፣ ከዘንጉ ሥዕል ጎን፣ ሁለት ቁጥሮች ለመጻፍ የሚበቃ ቦታ አለ።