ቤት ሲመረጥ ትምህርት ቤት ይመዘን

በደሴና በኮምቦልቻ ቤት የሚከራይ ወይም የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የኪራዩን ልክ፤ የውኃውን ነገርና የመንገዱን ርቀት ነው። ልጆች ያሉት አባት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት በሰፈሩ ያለው ትምህርት ቤት ምን ያህል እንደሚያስተምር ሊመረምር ይገባዋል። ቤት ቢያረጅ ይታደሳል፤ ልጅ ሳይማር ያለፈው ዘመን ግን አይመለስም።

ይህ ነገር ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። መምህር አካለ ወልድ በቦሩ ሜዳ ባስተማሩበት ዘመን ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ የሚመጣው የጉባኤው ቤት አምሮት ሳይሆን የመምህሩን ዕውቀት ሰምቶ ነው። ወደ ጀማ ንጉሥ የሚጓዘውም ደረሳ እንዲሁ ዓሊሙን ፈልጎ ነው።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የሚገኝባት፤ በትምህርት ስሟ የቆየ ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ስትሆን በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። ስለዚህ ሥራው በኮምቦልቻ ሆኖ ልጁን በደሴ ለማስተማር የሚያስብ ሰው ቢኖር አያስደንቅም። ነገር ግን ሕፃን በየቀኑ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወጣና ሲወርድ ድካሙ ከጥቅሙ እንዳይበልጥ ማመዛዘን ያስፈልጋል።

የስም ትልቅነትም ብቻውን ምስክር አይሆንም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 3.3 በመቶ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጉድለቱ የአንድ ሰፈር ብቻ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ደግሞም ጎበዙን ብቻ መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት ብዙ ቢያሳልፍ ምስጋናው ሁሉ የማስተማሩ አይደለም። እንግዲህ ወላጅ መምህራኑ ይቆዩ እንደ ሆነ፤ በአንድ ክፍል ስንት ልጆች እንደሚቀመጡ፤ መጽሐፍ ይዳረስ እንደ ሆነ፤ ደካማው ተማሪ ማንበብ ይችል እንደ ሆነ ይጠይቅ። የትምህርት መርማሪዎች ትምህርት ቤቶችን በ4 ደረጃ ይመድባሉና የሰፈሩ ትምህርት ቤት በየትኛው እንዳለ ይረዳ።

በ2014 ዓ.ም. የደሴ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆነው ነበር፤ ሁለቱም ከተሞች በጥቅምት በጦርነት ተይዘው በኅዳር ተለቀቁ። በዚያ ዓመት ፊደል የጀመረው ልጅ መሠረቱ ተናግቶበታልና የጎደለውን የሚሞላለት መምህር ማግኘቱ ይመርመር።

ኃላፊነቱ ግን የወላጅ ብቻ አይደለም። አቅም ያለው ሁሉ ወደ አንድ ሰፈር ቢጎርፍ የዚያ ኪራይ ይወደዳል፤ የቀረውም ትምህርት ቤት ተቆርቋሪ ያጣል፤ ጉዳቱም በድሃው ልጅ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሹማምንት የየትምህርት ቤቱን ደረጃ ለሕዝብ በግልጥ ያሳውቁ፤ የመኖሪያ ቦታ ሲመሩ የትምህርት ቤቱን ቦታ አስቀድመው ይለዩ፤ ብርቱ መምህራንንም ወደ ደከመው ትምህርት ቤት ይመድቡ። ካህናትና ሼኾችም ሕዝቡ የሰፈሩን ትምህርት ቤት እንዲጠብቅ ይምከሩ። መልካም አስተዳደር የሚባለው ድሃው አባት ስለ ልጁ ትምህርት ሲል ሰፈሩን ለመልቀቅ የማይገደድበት ነው።