ወላጅ ሲከሳ ሕፃኑም አብሮ እንዳይከሳ

ክብደቱን ለመቀነስ የሚደክም ወላጅና ክብደቱ ሊጨምርለት የሚገባ ሕፃን በአንድ ቤት ሲኖሩ፣ የቤቱ ድስት ለሁለት ጌቶች እንዲገዛ ይሆናል። እንዲህ ያለው ቤት በከተማችን ጥቂት አይደለም። በመስቀል ፍላወርና በአካባቢው የስፖርት ቤት ማስታወቂያ ከፎቅ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ በመሥሪያ ቤትም በምሳ ሰዓት ጨዋታው ስለ ቦርጭና ስለ «ዳይት» ሆኗል። ነገሩ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። የደም ብዛትና የስኳር በሽታ የከተማውን ሰው በሚያሠጉበት በዚህ ዘመን፣ ከልክ በላይ የወፈረ ሰው ምግቡን ሊመጥን መነሣቱ የሚያስመሰግነው ነው። የሚነቀፈው ግን ለአባት ወይም ለእናት የወጣው ደንብ፣ ማንም ሳያስበው፣ ወደ ሕፃኑ ሳህን ሲወርድ ነው።

አወራረዱም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ቅቤ ከቤት ይወጣል፤ ቀጥሎ ዘይቱ ይቀነሳል፤ ወተቱ ስቡ የወጣለት ይሆናል፤ በገንፎው ፈንታ የካሮትና የጎመን ሾርባ ይቀርባል። ስምንት ወር የሞላው ልጅም ከዚሁ ሾርባ ይሰጠዋል፤ «ጤናማ ምግብ» ነውና። ለአርባ ዓመት ሰው በእውነት ጤናማ ነው፤ ለሕፃን ግን ሆድ የሚሞላ እንጂ ሰውነት የሚገነባ አይደለም። የሕፃን ጨጓራ የሚይዘው በያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ስለዚህ 7 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ሊወስድ የሚችለው ከሦስት የቡና ሲኒ እምብዛም አይበልጥም። ሦስቱ ሲኒ በቀጭን ሾርባ ከተሞሉ ልጁ ፊቱን ያዞራል፤ እናቲቱም «ጠግቧል» ትላለች። እውነትዋን ነው፤ ጠግቧል፤ ነገር ግን አልተመገበም።

የእናት ጡት ወተት ከሚሰጠው ኃይል ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከስብ ነው። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ልጅ ከጡት ሌላ በቀን 200 ካሎሪ ያህል ከምግብ ያስፈልገዋል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ደግሞ 40 ካሎሪ ያህል ይሰጣል። እንግዲህ አባት ከሰላጣው ላይ የሚያስቀራት ያች አንዲት ማንኪያ በልጁ ገንፎ ላይ ብትጨመር፣ የቀኑን አንድ አምስተኛ ትሞላለታለች ማለት ነው። ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ ወፍራም ይሁን፤ የእህሉ ዱቄት ከሽንብራ ወይም ከሌላ ጥራጥሬ ዱቄት ጋር ይቀላቀል፤ እንቁላል ወይም ወተት፣ ቅቤ ወይም ዘይት ይግባበት። ስቡ የወጣለት ወተት 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ አይስማማም፤ ማርም ዓመት ሳይሞላው አይቅመስ። ይህ ሁሉ 6 ወር ለሞላው ነው። ከዚያ በፊት የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ለአራስ ልጅ ቅቤ ማስዋጥም፣ በአያቶች ዘንድ በፍቅር የሚደረግ ቢሆን እንኳ፣ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

ሕፃንን በበለጸገ ገንፎ ማሳደግ ለአገራችን እንግዳ አሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ኢትዮጵያና ስዊድን ተባብረው በአዲስ አበባ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል አቋቋሙ፤ ይኸው ክፍል በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ከድካሙ ፍሬ አንዱ የእህል፣ የጥራጥሬና የወተት ዱቄት ከቪታሚን ጋር የተደባለቀበት ፋፋ ነው። የአማርኛ መምህራን እንደሚያውቁት ፋፋ ማለት ወፈረ፣ አማረበት ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ስም ማን ሊያወጣለት ይችል ነበር? ችግሩ ግን ገና አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ 5 ዓመት ካልሞላቸው 100 ሕፃናት 37ቱ ቁመታቸው የቀነጨረ፣ 21ዱ ክብደታቸው ከዕድሜያቸው ያነሰ ሆነው ተገኝተዋል።

የምታጠባ እናት ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባል። አራስዋ በገንፎና በአጥሚት ስትጠገን ሰንብታ፣ ለወንድ በ40 ለሴት በ80 ቀን የሚሆነው ክርስትና ሲደርስ፣ የቀድሞ ቀሚስዋ አልገባ ይላታል። ያን ጊዜ ቁርስ መተውና እህል መከልከል ይመጣል። ማጥባት ግን በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ምግብ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ «ከቀነስሽ ወተትሽ ይደርቃል» የሚለው ማስፈራሪያም ትክክል አይደለም፤ ብዙዋን እናት ያለ ምክንያት ወደ ጡጦ የሚገፋት እርሱ ነውና። በአሜሪካ አገር በሰሜን ካሮላይና ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ 40 የሚያጠቡ እናቶችን በሁለት ከፍሎ ሲመለከት፣ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል የቀነሱት እናቶች ልጆች እድገት ከሌሎቹ አላነሰም። ልብ በሉ፤ ሴቶቹ ስንቅ ያላቸው፣ ቅነሳውም የዝግታ ነበር። እህልን አጥብቆ የሚከለክለው «ኬቶ» የተባለው አመጋገብ ግን በምታጠባ ሴት ደም ውስጥ አደገኛ አሲድ እስኪከማች ያደረሰበት ጊዜ በሐኪሞች ተመዝግቧል። የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ የልጁ ክብደት አልጨምር ካለ፣ ምክንያቱ ተመርምሮ እስኪታወቅ ድረስ የእናቲቱ ቅነሳ ይዘግይ። ቀሚስ ይጠብቃል።

በጾም ወራትም የሚመስለው ነገር አለ። ዕቃው ቅባት እንዳይነካው ሲባል ለልጁ እንቁላልና ወተት ሳይዘጋጅለት ይቀራል። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ የጾም ግዴታ የለበትም፤ አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻ ብትገዛለት ጾሙም ልጁም ይጠበቃሉ። የምታጠባዋ ስለ ራስዋ ከንስሐ አባትዋ ጋር ትማከር።

ልጁ ማነሱን የሚነግረን ሚዛን እንጂ የጎረቤት ዓይን አይደለም። በደኅና የተወለደ ሕፃን በ5 ወር ገደማ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ፣ በዓመቱ ሦስት እጥፍ ያደርሳል። በየወሩ ጤና ጣቢያ ወስዶ ማስመዘንና በካርዱ ላይ መስመሩን መከታተል ይገባል፤ መስመሩ ከተኛ ወይም ከወረደ፣ ቅቤ ከመጨመር በፊት ሐኪም ይየው። ተቅማጥ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የአፍ ቁስል፣ ወይም ጡት አጎራረሱ የተበላሸ እንደሆነ በገንፎ አይድንም። የቆርቆሮ ወተት ውድ ነው ተብሎ በውሃ ከቀጠነም ልጁ በጡጦ ሙሉ ይራባል።

ስለ ቤት ሠራተኛዋ ሳልናገር ማለፍ አልወድም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ልጁ ገንፎ መቅመስ ሲጀምር እርስዋ ቢሮ ናት፤ የምታበላው ሠራተኛዋ ወይም አንዲት የቤት ዘመድ ናት። ለዚህች ልጅ «ዘይት አታብዢ» የሚል ትእዛዝ ተሰጥቷታል፤ እርስዋም ታዛዥ ስለሆነች ለሁሉም አታበዛም። እንግዲህ ትእዛዙ ሁለት ይሁን። ከድስቱ የሕፃኑ ድርሻ አስቀድሞ ይነሣ፤ ቅባቱ፣ እንቁላሉ በእርሱ ላይ ይጨመር፤ የትልልቆቹ ከዚያ በኋላ ይቅጠን። መጠኑንም በአፍ ከመናገር ማንኪያውን አንሥቶ ማሳየት ይሻላል።