በሚዛን ስለሚሸጠው ጥቃቅን የብር ሥራ

በጅጅጋ፥ በቶጎ ውጫሌ፥ በቀብሪ በያህና በባቢሌ የሚነግድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚታመነው በሚዛን ነው። ስኳርና ሩዝ በሚዛን ይገባሉ፤ ቆዳና ዕጣንም በሚዛን ይወጣሉ። ልማዱ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን በሚዛን በተሸጠ ዕለት ዋጋው የሚጠፋ አንድ ሸቀጥ አለ፤ ይኸውም ከጥቂት ግራም ብር የሚሠራው ጥቃቅን የእጅ ሥራ፥ ሶማሌዎች ሒርሲ የሚሉት የክታብ ማኅደር፥ የአንገቱ ዶቃና የጆሮው ጌጥ ነው።

የአገራችን ነጋዴ ለጥቃቅን ሥራ ዐይን የለውም እንዳይባል የጠገራ ብር ታሪክ ይመሰክርለታል። የኦስትሪያይቱ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት ይህ ገንዘብ ስፋቱ 4 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ብትሞትም፥ ገንዘቡ ያንኑ ዓመት እንደ ተሸከመ ከሞተችም ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ በሮም፥ በለንደንና በቦምቤይ ሳይቀር ይመታ ነበር። ፊደሉን የማያነብ ነጋዴ መልኩን ያነብ ነበር፤ የራስ ጌጧ ዕንቍ ያልጠራውን፥ በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ የደበዘዘውን፥ ከደረቷ በታች ያሉት ኤስና ኤፍ የተባሉት ፊደላት የጠፉበትን ገንዘብ ለባለቤቱ ይመልስ ነበር። በ1887 ዓ.ም. ዘመን የታተመበት፥ በፓሪስ የተመታው የዳግማዊ ምኒልክ ብር እንኳ ያችን ሴት ከገበያ በቀላሉ ሊያስወጣት አልቻለም። በመዳፍ ውስጥ የምትገባ አንዲት ምስል ይህን ያህል ሥልጣን ነበራት! ጠገራ ብር ከሕጋዊ ገንዘብነት የወጣው አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በወጣበት በ1937 ዓ.ም. ነው።

ከገበያ የወጣው ጠገራ ብር ግን በአንጥረኛው ከሰል ውስጥ ሌላ ኑሮ አገኘ። ቀድሞም ቢሆን የሐረርና የአካባቢው አንጥረኛ ጥሬ ዕቃው እርሱ ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፥ ከሺው እጅ 833ቱ ጥሩ ብር፥ የቀረው መዳብ ነው። አንጥረኛው አቅልጦ፥ ቀጥቅጦ፥ ቀዳዳ ባለው ብረት ውስጥ እየሳበ እንደ ክር ያቀጥነዋል። የክሩን ቁራጭ በከሰል ላይ ሲያግለው ቁራጩ በራሱ ተጠቅልሎ እንደ ጤፍ ፍሬ ያለ ክብ ይሆናል። እነዚያን ፍሬዎች አንድ በአንድ በወረንጦ እያነሣ በዶቃው ገጽ ላይ ይደረድራል፤ ቀጥሎ ከዶቃው ብር ቀድሞ በሚቀልጥ ብየዳ ያጣብቃቸዋል። እሳቱ ጥቂት ካለፈ ፍሬውም ዶቃውም አብረው ይፈስሳሉ፤ የብዙ ሰዓት ድካም አንድ ጉብታ ብር ሆኖ ይቀራል። በእንግሊዝ አገር በ16ኛው መቶ ዓመት የነገሥታትንና የመኳንንትን መልክ በአንገት ጌጥ ልክ እያሳነሰ የሣለው ኒኮላስ ሂሊያርድም ሙያውን የጀመረው በወርቅ አንጥረኛ ቤት ነበር። እርሱ ግን ስሙ ተጽፎ ቀረ።

የእኛ አንጥረኛ ስም አልተጻፈም። በሶማሌ ዘንድ ቱማል የተባሉት ቀጥቃጮች፥ በደጋውም ጠይብ እየተባሉ የተሰደቡት፥ ሥራቸው ተፈልጎ እነርሱ የተናቁ ሆነው ኖሩ። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ስድቡ ከአንደበት ቢወጣም በሚዛኑ ላይ ግን ገና አለ፤ የአያቷን ሒርሲ ለመሸጥ ወደ ሱቅ የመጣችውን ሴት «ስንት ግራም ነው?» ብሎ መቀበል የሠሪውን እጅ በነጻ መውሰድ ነውና።

የዛሬይቱ ሙሽራ ወርቅን ትመርጣለች፤ ብሩም ከሣጥን እየወጣ ይቀልጣል። በምትኩ በኒኬል የተለበጠ፥ በማሽን የተመታ ጌጥ ገብቶ «የጥንት ብር» እየተባለ ይሸጣል። አንዳንድ ነጋዴዎች ገዥው ካልጠየቀ ሻጩ ምን ዕዳ አለበት ይላሉ። ይህ አነጋገር ለአንድ ቀን ሽያጭ ይበጅ ይሆናል። ነገር ግን ከውጭ አገር የመጣ ገዥ ቤቱ ደርሶ መዳቡ ብቅ ሲል፥ የሚቀየመው በአንዱ ሱቅ ብቻ አይደለም፤ በጎረቤት ያለውን እውነተኛውን ብር ጭምር ይጠረጥራል። ደግሞም የውጭ ገዥ 925 የሚል ማኅተም ይፈልጋል። ከጠገራ ብር የተሠራው 833 ስለሆነ ማኅተሙን ሐሰት አድርጎ ከመምታት፥ «ከጠገራ ብር የተሠራ» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቃል ከማኅተሙ ይልቅ ይማርከዋል።

ስለዚህ ባለሱቆች ሦስቱን፥ ማለት አሮጌውን ብር፥ አዲሱን ብርና ልብጡን በየመደቡ ለይተው ቢያስቀምጡ፥ የብሩን ዋጋና የእጁን ዋጋ በደረሰኝ ላይ ለየብቻ ቢጽፉ ይገባል። የእጁ ዋጋ የሚጻፍበት መስመር ካለ ሠሪው ሊጠይቅበት ይችላል፤ መስመሩ ከሌለ ግን የሚከራከርበት ነገር የለውም። ላኪዎችም የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209/1992 መኖሩን አይዘንጉ፤ ቅርስ የሆነ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣምና፥ አሮጌ የሚመስለውን ሒርሲ ወደ ቶጎ ውጫሌ ከመጫን በፊት ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳየት ይቀድማል። አዲሱን ሥራ ግን ሠሪው ስሙን በውስጠኛው ገጽ እንዲቀርጽበት አድርጎ መላክ ይቻላል፤ ለዚህ የሚበቃ ስፍራ በትንሹም ዶቃ ላይ አይጠፋም።