ማርና ብርቱካን የጓንትን ቦታ አይተኩም



«ማርና ጥቁር አዝሙድ እወስዳለሁ፣ ፍራፍሬም እበላለሁ፤ ፀረ አረም ምን ያደርገኛል?» የሚል አለ። ይህ በእኛ አስተያየት አደገኛ መዘናጋት ነው።

አባባሉ ጨርሶ መሠረት የለውም አንልም። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳ የሚረጨው «ቱ ፎር ዲ»፣ እንዲሁም አረምን እስከ ሥሩ የሚያደርቀው ግላይፎሴት፣ በላቦራቶሪ ሲፈተሹ በሕዋሳት ውስጥ «ፍሪ ራዲካል» የተባሉ ጎጂ ቅንጣቶችን ሲያበዙ ታይተዋል። ቅንጣቶቹ ዲ ኤን ኤን፣ ማለትም ሕዋሳችን የሚመራበትን የዘር መመሪያ ይጎዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 እ.ኤ.አ. ግላይፎሴትን «ካንሰር አምጪ ሳይሆን አይቀርም»፣ ቱ ፎር ዲን ደግሞ «ሊሆን ይችላል» ከሚባሉት መድቧል። በግላይፎሴት ላይ የአውሮፓና የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች አልተስማሙም። በብርቱካን፣ በቃሪያ፣ በጎመንና በካሮት ውስጥ ያሉት አንቲኦክሲደንቶች እነዚህን ቅንጣቶች ማክሸፍ ይችላሉ።

ሆኖም በብልቃጥ ውስጥ የሠራ ሁሉ በሰው ላይ አይሠራም። በፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች የተሳተፉበትና በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታወቀው ጥናት ይህን ያስተምረናል። ከሳንባ ካንሰር ይጠብቃል ተብሎ ቤታ ካሮቲን የተባለው አንቲኦክሲደንት በእንክብል ተሰጣቸው። በሽታው ግን እንክብሉን ካልወሰዱት ይልቅ በወሰዱት ላይ በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ!

ስለዚህ አትክልቱንና ፍራፍሬውን ብሉ፤ ለጤና ይበጃል። ከመርዝ የሚጠብቃችሁ ግን መርዙ ገላችሁን እንዳይነካ ማድረግ ነው። ስትረጩ ጓንት፣ ቦቲ ጫማና ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ነፋስ ሲበረታ አትርጩ። ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ከማሳው አርቁ። ልብሱን ከቤተሰብ ልብስ ለይታችሁ እጠቡ። የመርዙን ባዶ ጀሪካን ለዘይትም፣ ለመጠጥ ውኃም፣ ለውዱእም አትጠቀሙበት።

የቀን ሠራተኛ ቀጥራችሁ የምታስረጩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ የእርሱ ጤና በእናንተ ላይ ሐቅ መሆኑን አስቡ። ምሳውን ከማብላታችሁ በፊት ጓንቱን ግዙለት።

ሰውነታችን የአላህ (ሱ.ወ.) አማና ነው። ተወኩል ማለትም ሰበብ ሳያደርሱ መቀመጥ አይደለም። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፤ አሚን።