ቀይ ጨርቅ ለማንሣት ምን ትምህርት ያስፈልጋል?

ይህን አርእስት ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል በአንድ የመንገድ ሥራ አጠገብ ቆሜ ከሥራው ኃላፊ ጋር ስነጋገር ከራሱ አፍ የሰማሁት ቃል ነው። በጥያቄ መልክ ተናገረው እንጂ መልስ የጠበቀ አልመሰለኝም። እኔ ግን ጥያቄው መልስ የሚገባው ሆኖ ስላገኘሁት በዚህ መጽሔት ላይ ለመመለስ አስቤአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ መሥሪያ ቤቴ በምሄድበት መንገድ ላይ አስፋልቱ በአንድ ወገን ተቆፍሮ፥ መኪናዎች በቀረው ግማሽ በየተራ እንዲያልፉ ተደርጎ ነበር። በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ የቀን ሠራተኛ ቆሟል። በወዲህኛው ጫፍ ያለው ዕድሜው ከሃያ የማይበልጥ ልጅ ሲሆን፥ በእጁ የያዘው ከአሮጌ ልብስ የተቀደደ ቀይ ጨርቅ ነበረ፤ አቧራ ስለ ጠጣም ቀለሙ ከተቆፈረው አፈር አይለይም። መንገዱ ወደ ግራ ስለሚታጠፍ ልጁ ጓደኛውን አያየውም፤ ጓደኛውም እርሱን አያየውም። የሚነጋገሩት በፉጨት ነበር። ሲኖ የሚባለው የጭነት መኪና እያገሣ በሚያልፍበት ስፍራ ፉጨት ምን ያህል እንደሚሰማ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። በዚያን ጧት እኔ የተሳፈርሁበት ታክሲና ከወዲያ የመጣ የጭነት መኪና በጠባቡ መካከል ግንባር ለግንባር ተፋጠጡ፤ ሁለቱም «እለፍ» ተብለው ነበርና። ወርጄ ልጁን፥ «ወንድሜ፥ ይህን ሥራ ማን አስተማረህ?» ብዬ ብጠይቀው፥ «ጨርቁ ሲነሣ ቁም፥ ሲወርድ እለፍ ማለት ነው ብሎ ፎርማኑ ነግሮኛል፥ ጋሼ» አለኝ። ትምህርቱ በሙሉ ይኸው ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ሳልፍ ሌላ ልጅ ቆሟል። የፊተኛው ወዴት ሄደ ብል፥ ሚኒባስ እግሩን ሰብሮት ሐኪም ቤት መተኛቱን ነገሩኝ። ጨርቁ ግን ያው ጨርቅ ነበረ። ከኃላፊው ጋር የተነጋገርነውም በዚያን ዕለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። የመንገድ መሐንዲሶች አንድ ሾፌር ያልጠበቀውን ነገር አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ 2 ሴኮንድ ተኩል ይቆጥሩለታል። ስለዚህ ፍሬኑ ገና ሳይነካ መኪናው ከ40 ሜትር በላይ ተጉዟል፤ ከዚያም በደረቅ አስፋልትና በደኅና ጎማ ሌላ 20 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ዝናብ ከዘነበ፥ ጎማው ካለቀ ወይም ጭነቱ ከበዛ ርቀቱ ይጨምራል። ከጉድጓዱ ዐሥር እርምጃ ብቻ ርቆ ጨርቅ የሚያወዛውዝ ሰው እንግዲህ አደጋውን በቅርብ ለማየት ቆመ ማለት ነው።

ሥራውን የተማረ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያውቀው ወዴት እንደሚቆም ነው። መታጠፊያ ካለ ከመታጠፊያው በፊት ይቆማል። ፊቱን ወደሚመጣው መኪና ያደርጋል፤ ከዳር እንጂ ከመኪናው መሥመር ውስጥ አይቆምም፤ የሚመጣው መኪና እንቢ ቢል የሚሸሽበትን ስፍራ አስቀድሞ አይቶ ይይዛል። ምልክቶችን ሲያኖር መኪናው ከሚመጣበት ከሩቁ ጫፍ ይጀምራል፤ ሲያነሣ ደግሞ ከሥራው ስፍራ ጀምሮ ወደ ሩቁ ይሄዳል፤ አለዚያ እርሱ ራሱ ያለ ምልክት በመንገድ ላይ ይቀራል። ባልደረባው በማይታይበት ስፍራ መነጋገሪያ ሬዲዮ ይይዛል። ሬዲዮ ከሌለም ለመጨረሻው መኪና ሾፌር አንድ በትር ሰጥቶ በወዲያኛው ጫፍ ላለው ባልደረባው እንዲያደርስለት ያደርጋል፤ በትሩ እጁ እስኪገባ ድረስ የወዲያኛው ሰው ማንንም አይለቅም። ይህ ዘዴ ነጠላ ሐዲድ ባላቸው የባቡር መንገዶች ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው፤ ወጪውም የአንድ በትር ዋጋ ነው። ዐይነ ስውር እግረኛስ ቢመጣ? በጉድጓድ ዙሪያ የምንጠመጥመው የፕላስቲክ ጥብጣብ ለሚያይ ሰው ምልክት ይሆን ይሆናል፤ የዐይነ ስውሩን ዘንግ ግን አያቆምም። ዘንጉ የሚነካው ጠንካራ መከለያ ከመሬት አጠገብ መኖር እንዳለበት ያልተነገረው የቀን ሠራተኛ ከየት ያውቀዋል?

ደግሞም ትምህርቱ በየስፍራው አንድ ዓይነት ካልሆነ ጥቅሙ ግማሽ ነው። አንዱ ቆፋሪ ድንጋይ ይደረድራል፤ ሌላው የባሕር ዛፍ አጣና ያጋድማል፤ ሦስተኛው በርሜል ያቆማል፤ አራተኛው ቅጠል ጥሎ ይሄዳል። ቅጠልማ መኪና የተበላሸበት ሾፌርም ይጥላል፤ ስለዚህ ምን እንደሚል አይታወቅም። ሥራው ካለቀ ከወር በኋላ «ሰዎች በሥራ ላይ ናቸው» የሚል ምልክት ተገትሮ ማየትም የተለመደ ነው። ዐሥር ጊዜ በከንቱ ፍጥነቱን የቀነሰ ሾፌር ዐሥራ አንደኛውን ምልክት አያምንም። «የእኛ ሾፌሮች ምልክት አያከብሩም» እያልን የምናማርር ሰዎች፥ እንዳያከብሩ ያስተማርናቸው እኛው ራሳችን መሆናችንን ብናስብ መልካም ነው።

በሌላ አገር ነገሩ በሕግ ተይዟል። በእንግሊዝ አገር በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የጎዳና ሥራ ሕግ፥ መንገድ በሚቆፈርበት ስፍራ ሁሉ የሥልጠና ማስረጃ ያለው ሰው እንዲገኝ ያዝዛል። የአሜሪካ የመንገድ ምልክቶች መመሪያ መኪና አቋሚው «ቁም» እና «ቀስ በል» የተባለበት ሰሌዳ እንዲይዝ ይመክርና ጨርቅን ለድንገተኛ ጊዜ ብቻ ይተወዋል። በአውስትራሊያም ክፍላተ ሀገሩ በየራሳቸው ሲያሠለጥኑ ቆይተው አሁን ወደ አንድ ሥርዓት እየተሰባሰቡ ነው። በእኛም አገር ቢሆን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው በሚገባ እንዲያውቅ የማድረግን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ከተቋቋመበት ከ1943 ዓ.ም. ወዲህም ግሬደር ነጂና መካኒክ ማሠልጠን ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሾፌሩ ሳይፈተን መሪ እንዳይጨብጥ እንከለክላለን፤ ሾፌሩን እንዲያቆም የምናዝዘው ሰው ግን አይፈተንም። በልዩ ልዩ ስፍራ ቆመው ካነጋገርኋቸው ባንዲራ ያዦች አንዱ እንኳ የምስክር ወረቀት ተጠይቆ አያውቅም።

ምናልባት፥ «ይህ ጊዜያዊ ሥራ ነው፤ ዛሬ መጥቶ ነገ ለሚሄድ ሰው ማን ገንዘብ ያወጣል?» የሚሉ ይኖራሉ። ሠራተኛው ቢለዋወጥም ሥራው አይቋረጥም፤ ከተማችን ሳይቆፈር ያደረበት ቀን ትዝ የሚለው ሰው ካለ ይንገረኝ። አንድ ዓይነት የምስክር ወረቀት የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በአዲስ አበባ የተማረው ልጅ ነገ ባሕር ዳር ወይም ጅማ ሲቀጠር እንደ ገና ከሀ ሁ እንዳይጀምር።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከድሃ ወገን የሚመጣው ነው። የምስክር ወረቀት ከተጠየቀ ያልተማረው ልጅ ዕለታዊ እንጀራውን ያጣል፤ ወረቀቱም በገንዘብ ይሸጣል ይላሉ። ይህ ፍርሃት እውነት አለበት፤ እኔም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፍሁ ሰው ስለ ሆንሁ የወረቀት በር ሲዘጋ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ስለዚህ የክፍል ደረጃ አይጠየቅ። ትምህርቱ ሁለት ወይም ሦስት ቀን፥ ሠራተኛው በሚሰማው ቋንቋ፥ በመንገድ ላይ ይሰጥ፤ ፈተናውም ቆሞ በማሳየት ይሁን። ምልክት የሚያኖረውና የምልክቱን አቀማመጥ የሚነድፈው ሰው ግን ከዚህ ከፍ ያለ ትምህርት ይቀበል። የትምህርቱን ወጪ የሚከፍለው አሠሪው እንጂ ሠራተኛው አይሁን፤ የቀን ሠራተኛውም የተማረበት ቀን የሥራ ቀን ሆኖ ይታሰብለት።

ተቋራጩ በበኩሉ ዋጋው ይንርብኛል ይላል። ይናር፤ ነገር ግን በግልጽ ይናር። ለጠጠሩና ለአስፋልቱ በውሉ የዋጋ ዝርዝር ላይ መሥመር እንዳለው ሁሉ፥ ለሠለጠነ መኪና አስተላላፊ፥ ለሰሌዳው፥ ለአንጸባራቂው ሰደሪያና ለኮኑ የራሱ መሥመር ይኑረው፤ በዚያ መሥመር ላይ ዜሮ የጻፈም ጨረታውን አያሸንፍ።