እናትህን ማን ነቀሳት?

ከቢቸና ወደ ሞጣ በቅጥቅጥ ስንጓዝ የሰማሁት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ስልኩን አወጣና የአንዲት ዝነኛ ዘፋኝ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ያሳየን ጀመር። አንዱ የድሮ፣ አንዱ የአሁን። «አፍንጫዋን ተሠርታለች፤ ከንፈሯንም አስሞልታለች» አለ። ማን ነገረህ ሲባል «ያስታውቃላ!» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። ከዚያ ከፊታችን ወደተቀመጡ አንዲት እናት ጠቆመና፣ «ውበት እንዲህ ነው። የጎጃም ሴት ፈጣሪ በሰጣት ላይ አትጨምርም፣ አትቀንስም» ብሎ ደመደመ። ተሳፋሪው ሁሉ «እውነት ነው» አለ።

የእኚያ እናት አንገት ዙሪያውን በንቅሳት የተከበበ ነው። ግንባራቸው ላይ መስቀል አለ። ፈገግ ሲሉ ድዳቸው ጠቁሮ ይታያል።

«አይ ልጄ» አሉት፤ «ይኼን እኮ እግዜር አልሠራውም። እናቴ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችኝ፣ ነቃሿ ወጋችኝ። አፌ አብጦ ስንት ቀን እህል ሳልቀምስ ሰነበትኩ።»

ወጣቱ ስቆ ወደ ስልኩ ተመለሰ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

ውቅራት ሲወቀር ያየ ሰው ያውቀዋል። መርፌ ወይም እሾህ ይታሰራል፤ ከኩራዝ ላይ ጥላሸት ይጠረጋል፤ ድዱ ይቀባና ይወጋል፣ ይደማል፣ እንደገና ይቀባል። ይህ ሁሉ ጥርስ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ነው። መርፌው ከአንዷ ልጅ ድድ ወጥቶ ወደ ሌላዋ ሲሄድ ከደሙ ጋር የጉበት ቫይረስም ሊያሻግር ይችላል። ጆሮ ይበሳል፣ ዓይን ይኳላል፣ እጅና እግር በእንሶስላ ይቀላል፣ ፀጉር በቅቤ ይለሰልሳል። እናቶቻችን ሲያጌጡ የኖሩት እንዲህ ነው። ያማረባቸውም ብዙ ናቸው፤ ንቅሳትን ላንቋሽሽ አልተነሳሁም። ግን «አትጨምርም፣ አትቀንስም» የሚለው ቃል ውሸት ነው። በተፈጥሮ ስም የሚቆም ሰው ቢያንስ አጠገቡ የተቀመጡትን እናት አንገት ይይ።

ዘፋኟ ተሠርታ ከሆነ እንኳ (መሠራቷን ያሳየን ማስረጃ የለም) ያደረገችው አድጋ፣ አስባ፣ ማደንዘዣ ተወግታ ነው። እናቷ ጭን ላይ ተይዛ የተወጋችውን ትንሽ ልጅ ግን የጠየቃት አልነበረም። ዛሬ አዲስ አበባ ያሉ የቆዳ ክሊኒኮች የአንገትና የግንባር ንቅሳታቸውን በሌዘር ሊያስነሱ የሚመጡ ሴቶችን ያስተናግዳሉ። እነዚህንስ ምን ልንላቸው ነው? «ተፈጥሯቸውን ከዱ» ነው ወይስ «ወደ ተፈጥሯቸው ተመለሱ»?

«ያስታውቃላ!» እየተባለ የሚነዛ ወሬ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ማይክል ጃክሰን ላይ አይተናል። በ1977 ዓ.ም. ለረሃባችን ከሊዮኔል ሪቺ ጋር ዘፈን የጻፈልን ሰው ነው። አፍንጫውን መሠራቱን በመጽሐፉ ራሱ አምኗል። ቆዳው ሲነጣ ግን «ጥቁርነቱን ጠልቶ አስነጣው» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ለኦፕራ ዊንፍሬይ የቆዳ በሽታ እንዳለበት ተናገረ፤ ብዙ ሰው አላመነውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ከሞተ በኋላ የአስከሬን ምርመራው ለምጽ እንደነበረበት አረጋገጠ። አስከሬኑ እስኪመረመር ድረስ ሐሰተኛ ተደርጎ ኖረ። የእኛም አገር ልጅ ለምጽ ሲወጣባት «ምን ተቀብታ ነው?» እየተባለች ፊቷን በነጠላ ትሸፍናለች። የዘፋኟን ፎቶ የሚያዞረው ልጅና ያችን ልጅ የሚያሸማቅቃት ሰው ሥራቸው አንድ ነው። ሁለቱም ሳይጠይቁ የሰው ፊት ላይ ይፈርዳሉ።

ወንድሜ፣ የዘፋኟን ድምፅ ውደደው ወይም ጥላው፤ መብትህ ነው። አፍንጫዋ ግን አይመለከትህም። ያን ፎቶ አጥፋው። ስለ ተፈጥሮ ውበት መከራከር ካማረህ መጀመሪያ ቤትህ ግባና እናትህን አጠገብህ አስቀምጠህ ጠይቃት፦ ማን ነቀሳት? በስንት ዓመቷ? እሺ ብላ ነበር?