ነፍሰ ጡር ባለቤትን ከቤት ውጭ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት



ባለቤቴ ሰባተኛ ወርዋን በያዘች ጊዜ፥ የመጀመሪያ ልጃችን ሳይወለድ መልኳን በፎቶግራፍ ላስቀር አሰብሁ፤ እርስዋም ወደደችው። የምንኖር በደሴ ነውና ከተማው ከበታች እንዲታይ ብዬ ወደ ጦሳ ተራራ ይዣት ወጣሁ። እኩሌታውን ሳንደርስ ትንፋሽ አጠራት፤ ፊትዋም ገረጣ። ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ፥ «የሚነሣው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ ተራራው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ካሜራዬን ከትቼ ክንድዋን ይዤ ቀስ ብለን ወረድን።

ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየርዋ ስስ ነው። ለእኛ ቀላል የሚመስለው ዳገት ሁለት ነፍስ ለተሸከመች ሴት ብርቱ ድካም ነው።

በሳምንቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለችና ብርዱ አያስቸግርም፤ በመንገዱ ጥምዝምዝ ላይ ግን ሁለት ጊዜ አረፍን። ከሜዳው ዳር በዋርካ ጥላ ሥር መደገፊያ ያለው ወንበር አኖርሁላት፤ ውሃና ቁርስም አቀረብሁ።

ከዚህ የተማርሁትን ላካፍላችሁ። የቀትር ፀሐይ ከዓይን በታች ጥቁር ጥላ ስለምትጥል ከጧቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፥ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ማንሣት ይሻላል። መቀነትዋ አይጥበቅ፤ ለረጅም ጊዜም አትቁም። ለሥዕሉ ማማር ሲባል በጀርባዋ ማጋደምም አይገባም፤ የማኅፀኑ ክብደት ደምን ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ ሥር ስለሚጫን ራስዋን ያዞራታል። ደከመኝ ባለች ጊዜ ሥራው ያን ጊዜ አለቀ።

ነፍሰ ጡርን ለብዙ ዓይን ማሳየት የማይወዱ ሽማግሎችም አሉ። አማቴ «ሳትገላገል ለሰው አይታይ» ባሉ ጊዜ ባለቤቴን ጠየቅኋት፤ እርስዋም የእናትዋን ቃል አከበረች። ሥዕሉን በሣጥን ቈለፍንበት።

ሴት ልጃችን በደኅና ከተወለደች በኋላ ሣጥኑን የከፈተች ራስዋ ናት። አማቴም ሥዕሉን አገላብጠው አዩና፥ «አልደከመችም» አሉ። ከምስጋና ሁሉ ይህ በለጠብኝ።

በቤታችሁ ነፍሰ ጡር ያለቻችሁ ሁሉ፥ እግዚአብሔር በደኅና ይገላግልላችሁ።